ሆን ተብሎ ለተለኮሰ እሳት ካሳ ይከፈል ከተባለ ወጪው የማን ነው?

የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት የተጎዱትንም ያካትት የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር የሚከተለው ተቃውሞ «የመንግሥት ካዝና አይችለውም» የሚል ነው። ስጋቱ መሠረተ ቢስ ነው አልልም፤ ሆኖም የአካል ጉዳትንና የንብረት ውድመትን ደምሮ እንደ አንድ ወጪ ስለሚቆጥር ውይይቱን ገና ከጅምሩ ያወሳስበዋል።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ሕግ አውጥታ ፈር ከቀደደች፣ ብሪታንያ በ1964 ካሊፎርኒያም በ1965 ከተከተሏት ወዲህ፣ አብዛኞቹ የካሳ ሥርዓቶች የሚከፍሉት ለሕክምና፣ ለተቋረጠ ገቢና ለቀብር ነው። የብሪታንያ ደንብ እሳት መለኮስን ከኃይል ወንጀሎች ተርታ ያሰለፈው በዚሁ የአካል ጉዳት ወሰን ውስጥ ነው።

በዚህ ወሰን የተጎጂዎቹ ቁጥር ብዙ ባይሆንም የአንዱ ሰው ወጪ ግን ረጅም ነው። በልጅነቱ የተቃጠለን ሰው እንውሰድ፦ አካሉ ሲያድግ ጠባሳው አብሮት ስለማይለጠጥ፣ ክንዱ ወይም አንገቱ ታጥፎ እንዳይቀር በየጥቂት ዓመቱ ቀዶ ሕክምናና የቆዳ ንቅለ ተከላ ሊያስፈልገው ይችላል። ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ ይዘጋ የሚል ደንብ እንዲህ ላለው ልጅ የሚፈይደው ጥቂት ነው፤ በጀቱም በዚያው ልክ ለዓመታት መታሰብ አለበት።

ካዝናን የሚያስጨንቀው ንብረቱ ነው። አንድ ክብሪት በአንድ ሌሊት አንድ ሕንፃ ሙሉ ነዋሪ ሊያፈናቅል ስለሚችል፣ ሙሉ ዋጋ ይተካ ከተባለ አንድ ወንጀል ብቻውን የብዙ መቶ አመልካቾችን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል። መንግሥት ሙሉውን እንደሚከፍል ያወቀ ባለንብረትም መድን የሚገባበት ምክንያት ይቀንሳል። ለዚህም ነው ንብረትን የነኩት ሕጎች ጣሪያ የሚያበጁት፦ በእንግሊዝና በዌልስ በሁከት ለወደመ ንብረት የሚከፈለውን ካሳ የሚገዛው የ2016ቱ ሕግ ለአንድ ጥያቄ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አይከፍልም። ፈረንሳይ ደግሞ በ2008 መኪናቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች በገቢ መጠን ተወስኖ የሚሰጥ ካሳ ስትፈቅድ፣ ገንዘቡ የሚገኘው በንብረት መድን ውሎች ላይ ከሚጣል አነስተኛ መዋጮ ነው። ለእኔ የፈረንሳዩ መንገድ ይበልጥ ሚዛናዊ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይቆጠር ሌላ ወጪም አለ፤ እርሱም የማጣራት ሥራ ነው። እሳት የራሱን ማስረጃ ይበላል፤ አንዳንዴም ለኳሹ ራሱ አመልካቹ ሆኖ ይገኛል። በሌላ በኩል እውነተኛ ተጎጂ የዕቃውን ደረሰኝና መታወቂያውን አምጣ ሲባል ሁለቱም ከቤቱ ጋር ነድደዋል። ስለዚህ በየዕቃው ዋጋ ከመከራከር ይልቅ ለጊዜያዊ መጠለያ፣ ለልብስና ለሰነድ ምትክ የሚሆን መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ ድጎማ መስጠት ለተጎጂው ይፈጥናል፤ ለመንግሥትም ይረክሳል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1984 ያቋቋመው የተጎጂዎች ፈንድ ከግብር ሳይሆን በዋነኛነት ከወንጀለኞች መቀጮ ነው የሚሞላው። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ነገር ግን ገቢው በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ በሚጣል ቅጣት ስለሚወሰን ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፣ የተቃጠለው ልጅ ቀዶ ሕክምና ግን ቀጠሮው አይዋዥቅም። ሕጉን ለማስፋት የሚያስብ መንግሥት አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ መቀጮ በቀነሰበት ዓመት ጉድለቱ ከየት ይሞላል የሚለው ነው።