የብርዬ እንቁላል

እርግቤ ብርዬ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን እንቁላል ጣለች። የመጀመሪያውን የጣለችው ከትናንት በስቲያ አመሻሽ ላይ ነበር። እርግብ ሁለቱን በአንድ ቀን አትጥልም፤ በመካከላቸው ከ40 ሰዓት በላይ ያልፋል። ወንድ ስለሌላት እንቁላሎቹ አይፈለፈሉም። እርሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ከመጥረጊያው የመዘዘቻቸውን ጭራሮዎች ከአልጋዬ ሥር ከምራ ታቅፋለች።

ጎረቤታችን እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩዋትና፣ «ልጄ፣ በከንቱ ለምን ትደክማለች? አንሺላት እንጂ» አሉኝ። ለእርሷ አዝነው ነው። እኔ ግን እንቁላሉን ከማንሳት የባሰ የሚጎዳት ነገር የለም ብዬ አምናለሁ። ጎጆዋ ባዶ ሲሆን ሰውነቷ እንቁላሉ እንደጠፋበት ቆጥሮ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ያዘጋጃል። ለቅርፊቱ የሚሆነው ካልሲየም ደግሞ ከምግቧ ካልተገኘ ከአጥንቷ ይወሰዳል። እንቁላል በጣለች ቁጥር «ተባረከች» የሚሉ አሉ፤ እኔ በረከቱ አይታየኝም፣ የሚታየኝ የአጥንቷ መሳሳት ነው። እርግብ እንቁላሏን የምትፈለፍለው በ17 ወይም በ18 ቀን ነው። ጊዜው አልፎ ምንም ካልወጣ ራሷ ሰልችቷት ትተወዋለች። እስከዚያ መታቀፏ ለሰውነቷ ዕረፍት ነው።

ያለፈው ክረምት ያስተማረኝን አልረሳውም። ጎንደር በሐምሌና በነሐሴ በደመና ስትሸፈን ብርዬ ፀሐይ የምታገኘው በመስኮቱ መስታወት በኩል ብቻ ነበር፤ መስታወት ደግሞ ቫይታሚን ዲ የሚሰጠውን ጨረር አያሳልፍም። ያለዚያ ቫይታሚን የበላችው ካልሲየም በአግባቡ አይዋሃዳትም። አንድ ጠዋት ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ከደን እያደረገች፣ ጭራዋን ወደ ታች እየወዘወዘች ጥግ ይዛ ቆመች። ታምጣለች፣ ነገር ግን የሚወጣ የለም። የእንስሳት ሕክምና የተማረችው የጎረቤታችን ልጅ ባትደርስልን ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። እንቁላሉ ይዟት ነበር። «ሆዷን እንዳትጫኚ፣ ውስጧ ከተሰበረ ትሞታለች» አለችኝ። በካርቶን ውስጥ ፎጣ አነጠፍን፤ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለን ከጎኗ አኖርን፤ እርሷም ፈሳሽ ካልሲየም በጠብታ ሰጠቻት። ከቀትር በኋላ ወጣ። ቅርፊቱ አልጠነከረም፤ በጣቴ ስነካው እንደ እርጥብ ቆዳ ጎደጎደ።

ከዚያ ወዲህ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ወቅጬ ከጠጠር ጋር በሳህኗ አስቀምጥላታለሁ። ከቅዳሜ ገበያ ስመለስም ዳጉሳ አይቀርም፤ በካልሲየም ከሌሎች እህሎች ይበልጣል፣ ብቻውን ባይበቃም። ፀሐይ ሲወጣ በሽቦ ጎጆዋ አድርጌ ደጅ አወጣታለሁ፤ ግማሹን ግን በጨርቅ እሸፍናለሁ፣ ጥላ ስትፈልግ እንድትገባበት።

ጀርባዋን ማሻሸትም ትቻለሁ። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ እጄ ሲቀርባት ክንፏን ዝቅ አድርጋ ትንበረከካለች። ያንን የምታደርገው ግን ለወንድ ነው፤ እኔን እንደ ባሏ በቆጠረችኝ መጠን እንቁላል መጣሏ ይብሳል። አሁን አንገቷን ብቻ እዳብሳታለሁ።

ጥንድ እርግቦች ተፈራርቀው ያቅፋሉ፤ ወንዱ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቷ ሌሊቱን። ብርዬ ሁለቱንም ፈረቃ ለብቻዋ ስለያዘች ለመብላት እንኳን አትነሳም። ስለዚህ ውኃዋንና እህሏን ከአልጋው ሥር አስጠጋሁላት። ቴሌቪዥኑንም ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ሳሎን ወስዶ ያያል፤ ረጅም ብርሃን ለእርግብ የመራቢያ ወቅት ነው፣ የእኛ ክፍል ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ሲበራ ይከርማል።