«ለእናትሽ ንገሪልኝ»

የማስተምረው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሠፈር ትምህርት ቤት ስለሆነ ልጅ አይመርጥም፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ሁለተኛ ክፍል ካሉኝ 41 ልጆች ቤት የሚነገረውን ቋንቋ ብቆጥር 7 ደረሰ። ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው። መውደድ ብቻውን እንደማይበቃ የገባኝ ግን አንድ የወላጅ ቀን ላይ ነው።

ዓመቱ ሊጋመስ ምንም ያልቀረው ጊዜ ነው። አንዱ ተማሪዬ ማንበብ አልሆንልህ አለው። ስጠይቀው ዓይኑን ዴስኩ ላይ ተክሎ ዝም ይላል። መገናኛ ደብተሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስቴም በሚያምር ፊርማ ተፈርሞ መጣ፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። እናቱን አስጠራኋቸው።

የትምህርት ቤቱን ቋንቋ አይችሉም። አምስተኛ ክፍል የምትማረው ታላቅ እህቱ አብራቸው መጥታለች። 11 ዓመቷ ነው። «ጎበዝ፣ አንቺ አስተርጉሚልን» አልኳት። ሁላችንም መምህራን እንዲሁ ነበር የምናደርገው።

«ለእናትሽ ንገሪልኝ። ወንድምሽ ከጓደኞቹ በጣም ወደኋላ ቀርቷል። ቤት ውስጥ የሚያስጠናው ሰው የለም ማለት ነው።»

ልጅቷ ቶሎ አልተናገረችም። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ጎተተችው። ከዚያ ለእናቷ ሁለት ሦስት ቃል አለች። እናትየው ፈገግ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝ። ግራ ገባኝ፤ ግን ቀጣዩ ወላጅ በር ላይ ቆሟል። አለፍኩት።

ማታ ልወጣ ስል የጥበቃ ሠራተኛችን ጠሩኝ። የቤተሰቡን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ሲያነሱ ሰምተውናል። «መምህር፣ ልጅቷ ያሉትን አላለችም እኮ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ይወዱታል ነው ያለቻቸው።» ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ። «ደግሞ የምታስጠናውስ እሷ ናት። እናታቸውን ሲጠብቁ እዚህ በር ላይ ተቀምጣ ሁሌ ታስነብበዋለች።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የ11 ዓመት ልጅ በገዛ ራሷ ላይ የቀረበ ክስ እንድትተረጉም ነበር የጠየቅኳት። ፊርማውም የእሷ ነበር።

በነጋታው በእረፍት ሰዓት ፈልጌ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። የመለሰችልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ወንድሜን ታባርሩታላችሁ?» ለካ በዚህ ፍርሃት ነው እስካሁን የቆየችው።

እናትየውን እንደገና ጠራኋቸው። ርዕሰ መምህሩ ለጥበቃ ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት ፈቀዱላቸውና እሳቸው አስተረጎሙ። በዚህ ቀን ፍርዴን ይዤ አልገባሁም፤ ጥያቄ ይዤ ነው የገባሁት። «ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» እናትየው ረጅም ጊዜ አወሩ። ለካ ማታ ማታ የዋለበትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚተርክላቸው እሱ ነው። የሰውን ድምፅ ሁሉ እያስመሰለ፣ የእኔንም ጭምር። ቃል የለውም ብዬ የደመደምኩበት ልጅ!

በአንድ ቋንቋ መጫወትና በዚያው ቋንቋ መማር የተለያዩ ናቸው፤ ጂም ከሚንስ የተባለው ተመራማሪ ይህን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፎበታል። ልጅ በአዲስ ቋንቋ ከጓደኞቹ ጋር ለመግባባት 2 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። በዚያው ቋንቋ ትምህርቱን ከእኩዮቹ እኩል ለመከታተል ግን 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። እኔ የሰጠሁት ገና ግማሽ ዓመት ነበር።

እናትየው በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «ቤት ውስጥ በእኛ ቋንቋ ማውራት ልተው?» ይህን ጥያቄ ከብዙ ወላጆች ሰምቻለሁ። አንዳንዶቹም ከመምህር ተመክረው ትተውታል፤ ያሳዝነኛል። «በፍጹም አይተዉ» አልኳቸው። «የሚተርከው በእሱ ነው። ታሪክ መጀመርና መጨረስ የቻለ ልጅ ያንን ችሎታ ወደ አዲሱ ቋንቋ ይዞት ይመጣል።»

ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ይሥላል። ቋንቋውን ለሚጋራው ጓደኛው ይተርክለታል። ከዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለእኔ። አሁንም ከእኩዮቹ እኩል አልሆነም፤ ግን ዓይኑን ዴስኩ ላይ አይተክልም። እኛም ወላጅ ከመጥራታችን በፊት አዋቂ አስተርጓሚ እንፈልጋለን።

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ደብተሩ ተመለሰልኝ። ፊርማው ያ የሚያምረው አይደለም፤ ጎበጥ ያለ፣ ተጭነው የጻፉት ነው። ከሥሩ በማላነበው ቋንቋ ሁለት መስመር ተጽፏል። ደብተሩን ይዤ ወደ ጥበቃው ቤት ሄድኩ።