ቁልቁለቱ መጀመሪያ፣ ዳገቱ በኋላ

ሐምሌ ነበር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ። ከአራት ኪሎ ወደ እስጢፋኖስ ስወርድ፣ ቤተ መንግሥቱን አለፍ እንዳልኩ ዝናቡ ጀመረ። ሂልተን ሳልደርስ ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ያዘ። እኔም ያዝኩ። ብስክሌቱ ግን አልቆም አለ። ጣቶቼን እስኪያመኝ ድረስ ጨበጥኩ፤ ምንም። መኪናውን በስንዝር ርቀት በጎኑ አልፌ፣ እግሬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ ነው የቆምኩት። የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ከዚያ እስከ ስታዲየም ገፍቼው ሄድኩ።

ያን ቀን አልጋዬ ስር አንድ ካርቶን ነበር። ውስጡ አዲስ የኋላ ማርሽ፣ አዲስ ካቴና፣ አዲስ ማርሽ ቀያሪ አለ። ሁሉም ለዳገት የተገዙ ናቸው። ለፍሬን የሚሆን አንድም ዕቃ አልነበረበትም።

መንገዴ ከሽሮ ሜዳ ስታዲየም ነው። ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስድስት ኪሎን አልፋችሁ ወደ እንጦጦ በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ ትንፋሽ እያጠረ ይሄዳል። ብስክሌቴ ከመርካቶ ያገለገለ የገዛሁት ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ነው። ፍሬሙ ብረት፣ ማርሹ ፊት ሦስት ኋላ ሰባት፣ በድምሩ 21። ስድስት ዓመት ነዳሁት። ማታ ማታ ዳገቱን ቆሜ ስረግጥ ካቴናው ይዘላል፣ ጉልበቴ ከመሪው ይጋጫል። ስለዚህ ገንዘብ ሳጠራቅም ልቤ ዳገቱ ላይ ነበር። የሚያደክመኝን እንጂ የሚገድለኝን አላሰብኩም።

በማግስቱ ብስክሌቱንም ካርቶኑንም ይዤ ሰፈራችን ወዳሉ ብስክሌት ሠሪ ሄድኩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ አልይዝ አለኝ፤ የፍሬን ጎማ ይቀይሩልኝ» አልኳቸው።

የፍሬኑን ጎማ አላዩትም። የኋላውን እግር ከመሬት አንስተው አሽከረከሩት። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ክብ) ላይ አስደግፈው ዝም ብለው ቆዩ።

«ልጄ፣ ፍሬንሽስ ጤነኛ ነው። የታመመው ቸርኬሽ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቸርኬዬ ክሮም የተለበጠ ብረት ነበር። ሲያዩት ያብለጨልጫል፣ በደረቅ ቀን ደህና ይይዛል። ውሃ ሲነካው ግን የፍሬኑ ጎማ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። አሉሚኒየም እንደዚያ አይደለም። እሱም ቢረጥብ ይዳከማል፤ ግን ትንሽ ዞሮ ውሃው ሲጠረግለት ይይዛል። እኔ በየክረምቱ የፍሬን ጎማ እየቀያየርኩ በሽታውን ሳልነካ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ማስመሪያ አውጥተው ካቴናው ላይ አስተኙ። ይህን እኔም አሁን በየወሩ ስለማደርገው ላስረዳችሁ። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ግማሽ ኢንች ነው። 24 ክፍተት ስትቆጥሩ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ከጨመረ ካቴናው መቀየር አለበት። ከሦስት ሚሊ ሜትር ካለፈ የማርሹን ጥርሶችም አብሮ በልቷቸዋል። ብረቱ ተስቦ እንዳይመስላችሁ፤ በየፒኑ ያለው መጋጠሚያ ተበልቶ እየሰፋ ነው። የእኔ 309 ነበር። በዚህ ሁኔታ አዲስ ካቴና ብቻ ብገዛ ኖሮ የተበላው ጥርስ ላይ መዝለሉን ይቀጥል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ከመነዳሪ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የሠሪዎቻችን አፍ ላይ ግን ከእኛው ሆነዋል። ዕቃ ለመግዛት ስትወጡ በእነዚህ ስሞች ጠይቁ፤ ቶሎ ትግባባላችሁ።

የሥራውን ቅደም ተከተል ያወጡልኝ ጋሼ ናቸው። መጀመሪያ ቸርኬ፣ ከዚያ ፍሬን፣ መጨረሻ ላይ ማርሽ። ካርቶኑን ዘግተው መለሱልኝ።

የኋላው ቸርኬ ብዙ ነገር አስተማረኝ። የድሮው የኋላ ማርሽ ሞዞው ላይ፣ ማለትም ዘንጉን የያዘው የእግሩ መሃል ላይ፣ እንደ ዳዶ የሚጠብቅ ነበር። በረገጥኩ ቁጥር የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል። መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስረን፣ ቸርኬውን እንደ መኪና መሪ ይዘን ሁለታችንም ወደ ግራ ታገልን። ሦስተኛው ላይ «ጧ!» ብሎ ለቀቀ። ጋሼ የመሃሉን ዘንግ አወጡና የጠረጴዛቸው መስታወት ላይ አንከባለሉት። ዘንጉ እያነከሰ ሄደ። መሃሉ ጎብጧል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚህ ዓይነት ሞዞ የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሹ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከእሱ እስከ ፍሬሙ ያለው ዘንግ ደጋፊ የለውም። ድንጋይና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ክብደት ሲጫነው ይጎብጣል። ካሴት የሚባለው ማርሽ ግን ሞዞው ራሱ ላይ ባለ ነፃ የሚዞር ክፍል ላይ ተንሸራቶ ይገባል፤ ኩሽኔታውም ወደ ዳር ይወጣል። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ ይህን ዓይነት ሞዞ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ግን እስከ ዛሬ የድሮው ነው ያለው።

የካሴት ሞዞ ነበረኝ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ ከማርሹ ጋር በሻንጣዋ አምጥታልኛለች። ቸርኬ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ እሱን እዚህ እገዛለሁ ብዬ ነበር። ጥሩ የአሉሚኒየም ቸርኬ አግኝቼ፣ ከፍዬ፣ ደስ ብሎኝ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ሞዞውን በግራ እጃቸው፣ ቸርኬውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ቀዳዳ ይቆጥሩ ጀመር። ሞዞው 32፣ ቸርኬው 36።

አንዱ ቀዳዳ ካንዱ ራጂ ጋር ነው የሚሄደው፤ ራጂ ሞዞውን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ ነው። አራት ቀዳዳ ባዶ መተው አይቻልም። ሻጩ ደግሞ መልሶ አልወስድም አለ። ሁለት ቅዳሜ መርካቶ ስዞር ውዬ፣ ፍሬሙ ከተሰበረ ብስክሌት ላይ የተፈታ፣ ግድግዳው ድርብ የሆነ ባለ 32 ቀዳዳ ቸርኬ አገኘሁ። የሞዞው ወርድና የፍሬሜ የኋላ ክፍተት ግን ገጠሙልኝ፣ ሁለቱም 135 ሚሊ ሜትር። ይኼ ዕድሌ ነው እንጂ አስቀድሜ ለክቼ አልነበረም። አሁን ማንም «ከውጭ ዕቃ ላስመጣ» ሲለኝ መጀመሪያ የምለው፣ ቀዳዳውን ቁጠር፣ ክፍተቱን ለካ፣ ፎቶ አንስተህ ላክ ነው።

ቸርኬው ሲሠራ ግማሽ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ራጂዎቹን አንድ በአንድ አስገብተው አጠላለፏቸው። ከዚያ በትንሿ ቁልፍ ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቁ፣ እያሽከረከሩ፣ እያቃኑ። ቸርኬው ወደ ግራ ሲሸሽ የቀኙን ያጠብቃሉ፣ የግራውን ያላላሉ። በመጨረሻ በጥፍራቸው ራጂዎቹን እንደ ክራር መምታት ጀመሩ።

«ነይ እስቲ፣ ስሚው» አሉኝ።

በአንድ በኩል ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ አላቸው። አንዷ ብቻ ወፈር ያለ ድምፅ አወጣች። ላልታለች። ሩብ ዙር ጨመሩላት፣ እንደገና መቷት፣ ከሌሎቹ ጋር ገጠመች። በማርሹ በኩል ያሉት ከግራዎቹ ይልቅ ቀጠን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጡት፤ በዚያ በኩል ስለሚጠብቁ ነው። እኔ አሁን ቸርኬ መሥራት አልችልም። የላላች ራጂ ግን በጆሮዬ አገኛለሁ።

የፊቱ ያለችግር አለቀ። የድሮው ሞዞ 36 ቀዳዳ ስለሆነ ያንን በስህተት የገዛሁትን ቸርኬ ወሰደልኝ።

ፍሬኑ ላይ ራሴ ተሳስቻለሁ። ቀጥ ብለው የሚቆሙ ረጃጅም ክንዶች ያሉትን ቪ ፍሬን ገዛሁ። ፍሬሙ ላይ ያሉት መትከያዎች ልክ ስለነበሩ ቤቴ ራሴ ገጠምኩት። የእጅ መጨበጫዎቹን ግን የድሮዎቹን ተውኳቸው። ደህና ናቸው፣ ለምን ብር ላውጣ ብዬ። መጨበጫውን እስከ መሪው ስስበው የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን በጭንቅ ነው የሚነካው። ካቦውን አሳጠርኩት፤ አሁን ደግሞ ጎማው ከቸርኬው አልላቀቅ አለ። ሁለት ምሽት ታገልኩ። ነገሩ የማስተካከል ጉዳይ አልነበረም። ቪ ፍሬን ከድሮው ፍሬን የበለጠ ካቦ እንዲሳብለት ይፈልጋል፤ የድሮው መጨበጫ ያን ያህል አይስብም። መጨበጫና ፍሬን ጥንድ ናቸው፣ አብረው ነው የሚገዙት። መጨበጫውን ቀየርኩ፣ ካቦውንና የካቦውን ሽፋንም አብሬ ቀየርኩ። ከሁሉም ርካሹ ይኼ የካቦ ሥራ ነበር፣ ለውጡ ግን በሁለት ጣት እስከመያዝ ድረስ ነው።

አዲሱ ፍሬን መጀመሪያ ላይ ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት ነበረው። መፍትሔው ወረቀት ነው። የፍሬኑን ጎማ ከማጥበቃችሁ በፊት ከኋለኛው ጫፉ ስር የታጠፈ ወረቀት አስገቡ፣ ፍሬኑን ጨብጣችሁ ቡሎኑን አጥብቁ፣ ወረቀቱን አውጡ። ጎማው ከፊት በኩል በአንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ይነካል። ጩኸቱ ጠፋ።

የፊት ፍሬንን በተመለከተ ለብዙ ዓመት የፈራሁትን ልናገር። «የፊቱን ከያዝሽ ትገለበጫለሽ» ሲሉኝ ስለኖርኩ አላልቼ ነበር የምነዳው። በእርግጥ ቁልቁለት ላይ ድንገት ሙጭጭ ብላችሁ ከያዛችሁት አደጋ አለው። ግን ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል፣ ስለዚህ ዋናው የማቆም ኃይል ያለው ፊት ነው። ስታዲየም አካባቢ ሰው በሌለበት እሑድ ጠዋት፣ ሰውነቴን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ መጨመርን ተለማመድኩ። ነሐሴ ላይ ያንኑ ቁልቁለት በዝናብ ወረድኩት። እጄ አልደከመም።

ማርሹ ጋ የደረስነው መስከረም ላይ ነው። አስቸጋሪው የፔዳሉን መሃል ኩሽኔታ ማውጣት ነበር። የቀኙ በተቃራኒው ነው የሚፈታው፣ ወደ ቀኝ እየዞረ። የግራው ፔዳልም እንዲሁ። ይህን የማያውቅ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ያጠብቀዋል። ነጭ ጋዝ አፍስሰንበት አሳደርነው፣ በማግስቱ ለቀቀ።

አዲሱ ፊት አንድ ባለ 32 ጥርስ፣ ኋላ ከ11 እስከ 36 ጥርስ ያለው ባለ 9 ካሴት ነው። «ከ21 ወደ 9 ወረድሽ?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በድሮው፣ ፊት 24 ኋላ 28 ሲሆን አንድ የፔዳል ዙር 1 ሜትር ከ77 ሴንቲ ሜትር ያስኬደኛል። በትልቁ፣ በ42 እና በ14፣ 6 ሜትር ከ18። በአዲሱ ትንሹ 1 ሜትር ከ83፣ ትልቁ 6 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ከ21ዱ አብዛኛው እርስ በርሱ የሚደራረብ ነበር። ዳገት ላይ ግን ያቺ 6 ሴንቲ ሜትር ትሰማኛለች፤ ፊቱን 30 ጥርስ ባደርገው ይሻለኝ ነበር። ሒሳቡን የሠራሁት ከገዛሁ በኋላ ነው። ቢሆንም የድሮው ቀላል ማርሽ በዘለለ ቁጥር ወርጄ እገፋ ስለነበር፣ አዲሱ ይሻላል።

የካቴናው ርዝመት የሚለካው ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳይገባ ነው፤ በፊቱና በኋላው ትልቁ ጥርስ ላይ አዙሩትና አንድ ኢንች ጨምራችሁ ቁረጡ። ማርሽ ቀያሪውን የሚገድቡትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ደግሞ መንገድ ላይ ሳትወጡ፣ ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ ነው የምታስተካክሉት። እኔ በእጄ ገፋ አድርጌ ስሞክረው ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ራጂዎቹ መሃል ገባ። ሁለቱን ቧጠጣቸው። ብስክሌቱ ቆሞ ስለነበር ቧጠጣ ብቻ ሆኖ ቀረ። ብሎኑን ግማሽ ዙር አጠበቅኩት፣ ከዚያ በኋላ አላለፈም።

ክረምቱ ካለቀ በኋላ የፍሬኑን ጎማዎች ፈትቼ አየኋቸው። ውስጣቸው አሸዋና የአሉሚኒየም ብናኝ ተሰክቷል። በመርፌ ለቀምኩት፣ ካልሆነ ቸርኬውን ይበላዋል። ትናንት ማታ ደግሞ ካቴናውን ጠርጌ ማስመሪያውን አስተኛሁበት። 305 ነው፤ ገና አልጨመረም።