ጅቡ ኮምቦልቻ ገባ፦ ከአጭር ፊልማችን እስካሁን የቀሰምኩት

"ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" የሚለውን ተረት ይዘን አጭር ፊልም እየሠራን ነው። የእኛ ጅብ የደሴ ልጅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለነቃበት በሌሊት በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። የአንዲት አሮጊት በር ያንኳኳና "የመሸበት እንግዳ ነኝ" ይላል። ቤቱም ሰዎቹም እውነተኛ ናቸው፤ ጅቡ ብቻ በእጅ የተሳለ ነው። ማስፈራትም ማሳቅም አለበት። በጀቱ የእኔና የጓደኞቼ ኪስ ነው። አሮጊቷን የምትሠራው አክስቴ ናት፤ ክፍያዋ ቡና።

አኒሜሽን ሲባል መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የሥዕሉ ብዛት ነው። በስልክ የምንቀርጸው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። ለጅቡ ግን 12 ሥዕል ይበቃዋል፤ አንዱ ሥዕል ሁለት ፍሬም ይቆያላ። ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ጆሮውን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። የሚገርመው፣ ሲራመድ የሚያስቀን ጅብ ቆሞ ሲያይ ያስፈራል። ስንፍናችን ለፊልሙ ጠቀመው ማለት ነው። የምስለው ክሪታ ላይ፣ ከቪዲዮው ጋር የማዋህደው ብሌንደር ላይ ነው። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው።

ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ግን ብቻውን አያሳምንም። የሚያሳምነው ዙሪያው ያለው ዕቃ ነው። ጅቡ ረከቦቱን በአፍንጫው ገፋ ሲያደርግ ሲኒዎቹ የምር መንቀጫቀጭ አለባቸው። ስለዚህ የረከቦቱ እግር ላይ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር እናስርና አንዳችን ከካሜራው ውጭ ሆነን እንስባለን። አፍንጫውን የምስለው ከዚያ በኋላ፣ ዕቃው የሄደበትን እየተከተልኩ ነው። ተገላቢጦሹ ያስቸግራል፤ ረከቦት እንደ ተዋናይ ሥዕል አይጠብቅም። ጥላም እንዳትረሱ። መዳፉ መሬት የሚነካበት ቦታ ጠቆር፣ ራቅ ሲል ሳሳ ይበል። ያለ ጥላ ጅቡ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

የአክስቴ ዓይን የት ይረፍ? ጅብ ትከሻው ከመሬት ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ዱካ ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊት ሊተያዩ ነው። በዚያው ከፍታ እንጨት ላይ ባዶ ሃይላንድ ሰክተንላት እሱን እያየች ታወራለች። ሃይላንዱን በኋላ ለማጥፋት ካሜራውን ሳንነካ ባዶውን ክፍልም እንቀርጻለን። ቤት ውስጥ በስልክ ለምትቀርጹ፣ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ ቆልፉት። አለዚያ አንዳንዱ አምፖል ምስሉ ላይ ይርገበገባል።

የሐረጎ ጉም ብር የማይከፈልበት ማስፈራሪያ ነው፤ የሚፈልገው ግን የራሱን ቀለም ነው። ጉም ውስጥ ከራቀ ዕቃ ላይ ድፍን ጥቁር አይገኝም። ጅቡን በጥቁር ከቀባችሁት የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። እኔ በዚያው ርቀት ካለው ዛፍ ግራጫውን ወስጄ እቀባዋለሁ። እየቀረበ ሲመጣ ብቻ አጠቁረዋለሁ።

አሁን ያለነው ድምፅ ላይ ነው። ለካስ የጅብ "ሳቅ" ከደስታ ጋር አይገናኝም፤ ሲጨነቅ ወይም ሌላ ጅብ ሲያሳድደው የሚያወጣው ድምፅ ነው። ይህን ሳውቅ የመጨረሻውን ትዕይንት ቀየርኩት። መጀመሪያ ጅቡ ሲስቅ አሮጊቷ ትጮህ ነበር። አሁን አሮጊቷ "ጫማህን አውልቀህ ግባ!" ትለዋለች፣ ጅቡ እግሩን ያያል፣ ከዚያ ይስቃል። ለአክስቴ ምክንያቱን ስነግራት "እሱ ከፈራ እኔ ምን ያስጮኸኛል?" አለችና ጩኸቷን ራሷ ከስክሪፕቱ ሰረዘችው።