የቶምፑሱ ክሬም ሌሊቱን ለምን ቀጠነ?

ቶምፑስ በሁለት የፓፍ ፔስትሪ (ሲጋገር በስስ ንብርብር የሚነፋ ሊጥ) ንጣፎች መካከል ወፍራም የቫኒላ ክሬም የሚገባበት፣ ከላይ ሮዝ የስኳር ልባስ ያለው የኔዘርላንድ ኬክ ነው። በንጉሡ ልደት ቀን፣ ኤፕሪል 27፣ ልባሱ ብርቱካናማ ይሆናል። ታዲያ በዚህ በዓል ዋዜማ፣ በአንድ አነስተኛ ኬክ ቤት፣ ማታ ወፍሮና አንጸባርቆ ፍሪጅ የገባው ክሬም ጠዋት ሲወጣ ከጭልፋው ላይ ይፈስስ ጀመር።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ክሬሙን የሚያወፍረው ስታርች ነበር። ሚዛኑ ሲጣራ ግን ምንም የጎደለ የለም፦ ለ500 ሚሊ ሊትር ወተት 4 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 45 ግራም የበቆሎ ስታርች። ጄላቲን ጨምረን እናድነው ያለም አልጠፋም። ጄላቲን የቀጠነውን ያረጋዋል እንጂ የክሬምነት ለዛውን አይመልስለትም፤ ሌሎቹ በሐሳቡ አለመስማማታቸው ደግ ነው።

ጥፋቱ የተገኘው ከምድጃው ላይ ነው። አዲሱ ሠራተኛ ድስቱን ያወረደው ክሬሙ ገና መወፈር ሲጀምር፣ አረፋ ሳያወጣ ነበር። እንቁላሉ እንዳይቋጠር ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ስታርች በሌለው የእንቁላል ሶስ ላይ ልክ ነው፤ ስታርች ያለበት ክሬም ግን መፍላቱን ይችላል፣ እንዲያውም የግድ መፍላት አለበት። ጥሬ አስኳል ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሙቀቱ ካልገደለው ሌሊቱን ሙሉ ስታርቹን ይበጣጥሰዋል። ክፋቱ ማታ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው።

የቀጠነው ተደፍቶ እንደገና ተሠራ። በዚህኛው ዙር የድስቱ መሐል ቡልቅ ቡልቅ ካለ በኋላ ሳይቋረጥ እየተመታ 2 ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ ተደርጎ ተዘረጋ፤ ክሬሙም ቆዳ እንዳያወጣ ላዩን በሚነካ ፕላስቲክ ተሸፈነ። ጥልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቢተው መሐሉ ለብዙ ሰዓት ሙቅ ይሆናል፣ ለጤናም አያስተማምንም።

ክሬሙ እስኪቀዘቅዝ ፓፍ ፔስትሪው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ተዳምጦ፣ በሹካ ተወጋግቶ፣ ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ አረፈ። በ200 ዲግሪ ሲጋገር ላዩ ላይ ሌላ ትሪ ይጫንበታል፤ አለዚያ አንዱ ጥግ ይነፋል፣ ልባሱም ወደ ዝቅተኛው ጎን ይንሸራተታል። ትሪው ተነስቶ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፔስትሪው ደህና አድርጎ ቡናማ መሆን አለበት። ፈዘዝ ያለ ፔስትሪ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ክሬም ሲነካው ቶሎ ይልፈሰፈሳል።

ለልባሱ 150 ግራም የዱቄት ስኳር ከ2 የሾርባ ማንኪያ ባነሰ ውሃ ይበቃል፤ ውሃው በጠብታ ነው የሚጨመረው። ቀለሙ ፈሳሽ ከሆነ ያቀጥነዋል፣ ስለዚህ የጄል ቀለም ይሻላል። ብዙዎች የሚስቱት ግን አቆራረጡን ነው። ክዳኑ፣ ማለትም የላይኛው የፔስትሪ ንጣፍ፣ ልባሱን ተቀብቶ ጥቂት ሲደርቅ፣ ክሬሙ ላይ ሳይቀመጥ በፊት፣ 12 በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆረጣል። ከተገጣጠመ በኋላ ቢላ የሚጫነው ሰው ክሬሙን በጎን ያፈሰዋል፤ ያኔ ደግሞ ክሬሙን ቀጠነ ብሎ ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል።