ሲያብጥ የሚፈነዳው ሴል

ዛሬ ባለ 384 ጉድጓድ ፕሌት (ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉት የቤተ ሙከራ ሳህን) ላይ የሴልን ሞት የሚያግድ ኬሚካል ስፈልግ ዋልኩ። በየጉድጓዱ የሰው ነጭ የደም ሴሎች አሉ። መጀመሪያ ኤልፒኤስ (የባክቴሪያ ሽፋን ክፍል)፣ ቀጥሎ ናይጀሪሲን የተባለ መርዝ ሲጨመርባቸው ፓይሮፕቶሲስ በሚባለው አሟሟት ይሞታሉ።

በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው አይረሳውም። ሴሉ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ወዲያው በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቀይ ማቅለሚያ ዘልቆ ይገባና ኒውክሊየሱ ቦግ ይላል። ሽፋኑን የሚበሳው ጋዝደርሚን ዲ የተባለ ፕሮቲን ነው። በቀዳዳው የሚወጣው አይኤል-1 ቤታ የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ደግሞ ብግነት ይቀሰቅሳል። ይህ ከኢንፌክሽን ይከላከልልናል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን እንደ ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን ከልክ ያለፈ ምላሽ ሲሰጥ የሚመጣ) ባለ በሽታ ሰው ይገድላል። ሥራዬን የምወደውም ለዚህ ነው።

ቀይ ያልበራበት ጉድጓድ ሳይ ኬሚካሉ ሞቱን ያገደ ስለሚመስል ደስ ይለኛል፤ ግን ቶሎ አላምነውም። ኬሚካሉ ብርሃኑን ራሱ ውጦት ሊሆን ይችላል። ወይም ጋዝደርሚንን ሳይነካ ከሱ በፊት ያለውን፣ ሂደቱን የሚያስጀምረውን ኤንኤልአርፒ3 የተባለ ፕሮቲን አግዶ ይሆናል። የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ለማጣራት ከሴሉ የፈሰሰውን ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም ለብቻው እለካለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ይህ ብቻውን አይለይም፤ አድካሚ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

በ2020 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት 3,752 ኬሚካሎችን ፈትሾ ዳይሰልፊራም ላይ ደረሰ፤ ለአልኮል ሱስ ሕክምና ለአሥርት ዓመታት የኖረ መድኃኒት! ጋዝደርሚን ዲ ቀዳዳ እንዳይሠራ ያግዳል፤ በኤልፒኤስ ሴፕሲስ የያዛቸውን አይጦችም ከሞት አትርፏል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ፍለጋው ከነባር መድኃኒቶች ይጀምር የምለው ለዚህ ነው፤ ደህንነታቸው ቀድሞ በሰው ላይ ተጠንቷል።

ነገ የዛሬዎቹን እጩዎች መጠናቸውን እየቀነስኩ እደግማቸዋለሁ።