ጳጉሜን የማያውቀው ሰዓት

ሰሞኑን ሐሳቤን ሁሉ የያዘው አንድ የእጅ ሰዓት ነው። በአካል አይቼው አላውቅም፣ የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የስዊስ ሰዓት ሰሪ ኩባንያ የሠራው ነው፣ ሞዴሉ 2497 ይባላል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳበትና ቀረ፣ በ2017 ግን ተሸጠ። ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ነው ያወጣው። ሰው ሁሉ ስለ ዋጋው ነው የሚያወራው። እኔን የያዘኝ ግን ውስጡ ነው።

ይሄ ሰዓት ፐርፔቹዋል ካላንደር የሚባለው ዓይነት ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ጨረቃን ያሳያል፤ ወሩ ስንት ቀን እንዳለውም ራሱ ያውቃል። ያንን ማወቅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የፈረንጆቹ ወር ለሰዓት ሰሪ ራስ ምታት ነው፦ አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ ፌብሩዋሪ 28፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 29። ተራው ሰዓት ሁሉንም ወር 31 አድርጎ ስለሚቆጥር በዓመት አምስት ጊዜ በእጅህ ታስተካክለዋለህ።

እዚህኛው ውስጥ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ዞራ የምትጨርስ ጠፍጣፋ ብረት አለች። ዙሪያዋ ለ48 ወራት ተከፋፍሏል። ወሩ 31 ከሆነ ጠርዙ አልተነካም። 30 ከሆነ ትንሽ ተፍቋል። ፌብሩዋሪ ጋ ሲደርስ ጠለቅ ይላል፣ በአራተኛው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ግን ጥልቀቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። አንዲት ዘንግ ጫፏን እዚያ ጠርዝ ላይ አሳርፋ ትዳብሳለች። የተፋቀው በጠለቀ ቁጥር፣ ወሩ ሲያልቅ ቀን ቆጣሪውን ብዙ ጥርስ ታዘልለዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ባትሪ የለም፣ ቺፕ የለም። አንድ ሰው በልቡ የያዘውን የአራት ዓመት ሒሳብ በብረት ጠርዝ ላይ ቀርጾታል። ይህን የተረዳሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ የመስታወት ሳጥን ይዘው የሚቀመጡ ሰዓት ሰሪ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አብዛኛው ሥራቸው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው። ሲኮ ፋይቭ የሚባለው ባትሪ የሌለው ሰዓት ሲመጣላቸው ግን ፊታቸው ይፈካል። የአዳማን ንፋስና አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሰዓት ክዳን ከመክፈታቸው በፊት የሳጥኑን መስኮት ይዘጋሉ፣ ከዚያ እኔንም «እዚህ ላይ አትተንፍስ» ይሉኛል። ባለፈው በእጅ የሚጠመዘዝ አሮጌ የስዊስ ሰዓት ከፍተው በዓይናቸው የሚይዟትን ማጉያ ሰጡኝ። ፀጉር የምታክል ሞላ ትጠባለች፣ ትሰፋለች፤ ከእሷ ጋር የተያያዘችው ቀለበት ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ በሰከንድ አምስት ምት፣ በሰዓት 18,000። የዘንጎቹ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀያይ ድንጋዮች አሉ። ሰው ሠራሽ ሩቢ ናቸው፣ ብረት ከብረት ተፋጭቶ እንዳይበላ።

ትኩር ብዬ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ድልድይ የሚሏቸው፣ ጥርሶቹን ከላይ የሚይዙት ብረቶች አሉ። የእነሱ ጠርዝ ሹል ሆኖ አልተተወም፤ በሰያፍ ተሞርዶ ተወልውሏል፣ ብርሃን ሲያገኘው ቀጭን ነጭ መስመር ይወጣዋል። ጋሼ በወረንጦ ጫፍ አንድ ቦታ አሳዩኝ፦ ሁለት የተሞረዱ ጠርዞች ወደ ውስጥ ታጥፈው የሚገናኙበት ማዕዘን። እዚያ ላይ የሚሽከረከር መሣሪያ ስለማይገባ ጥግዋ ክብ ሆና ትቀራለች፤ ስል ሆና ከወጣች ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ሞርዷታል ማለት ነው። የውድ ሰዓት ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ያቺን ጥግ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው ደግሞ ክዳኑ ሲዘጋ ማንም በማያየው ቦታ ላይ ነው። እኔ ይሄንን እንደ ቅንጦት ለማየት ልቤ አይፈቅድም። ሠራተኛው ለሥራው ያለው ክብር ነው።

ወደ 2497 ልመለስ። ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለዛሬ እጅ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ከ12 ቁጥር ሥር ሁለት ትንንሽ መስኮቶች አሉ፣ ለዕለቱና ለወሩ። ታች 6 ላይ ጨረቃዋ አለች፣ ቀኑ በዙሪያዋ። ይህን ሁሉ ነገር ተሸክሞ ፊቱ አይጨናነቅም። የዲዛይን ትልቁ ችሎታ ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ስንት ነገር እንደደበቀ አያስታውቅም።

ጨረቃዋን ራሷን ውሰዱ። የተለመደው አሠራር 59 ጥርስ ያለው ሳህን ላይ ሁለት ጨረቃ መሳል ነው፣ ለአንዷ 29 ቀን ተኩል ይደርሳታል። የኛ ባሕረ ሐሳብም የጨረቃን ወር አንዴ 30 አንዴ 29 እያለ ነው የሚያስኬደው፣ ሲካፈል ያው 29 ተኩል። የጄኔቫው ሰዓት ሰሪና የኛ መርጌታ ሳይተዋወቁ አንድ ቁጥር ላይ መገናኘታቸው ደስ ይለኛል።

ሐሳቤ የተጠመደውም እዚህ ላይ ነው። ጃንሆይ እጅ ላይ የነበረው ይህ ሁሉ ጥበብ የሚቆጥረው የሌላ ሰው ዘመን ነው። ጳጉሜን አያውቃትም። ታዲያ በኛ ዘመን አቆጣጠር ቢሠራስ?

ለጋሼ ሳነሳላቸው ሳቁና «ቀላል ነው!» አሉ። እውነትም ግማሹ ቀላል ነው። አሥራ ሁለቱም ወር 30 ነው፤ 30 ጥርስ ያለው ጎማ ይበቃል፣ ያ በጥልቀት የሚለያይ ጠርዝ አያስፈልግም። የፈረንጆቹ ሰዓት በ2100 በእጅ መታረም አለበት፣ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ስለሌላቸው። እኛ እንደዚያ አንዘልም፣ በየአራት ዓመቱ ሳናቋርጥ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በእነሱ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ያንኑ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ የምናከብረው በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለሉ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ፐርፔቹዋሎች ላይ ደግሞ የአራት ዓመቱን ዙር 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለች የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች። የኛዋ ላይ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ተብሎ ሲጻፍ ይታያችሁ! ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ 6 ትሆናለች።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ጳጉሜ 5 ላይ ቆጣሪው ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። ዋናው ችግር እሱ ነው። ፌብሩዋሪ በ28 ሲያልቅ ቆጣሪው የሚዘለው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ከጳጉሜ 5 ወደ መስከረም 1 ግን 25 ጥርስ ባንዴ ማለፍ አለበት፣ ያቺ ቀጭን ዘንግ ደግሞ ያንን አትችልም። እሳቸው ያመጡት መፍትሔ፣ ቀን ቆጣሪው በክብ ሳይሆን በቅስት ላይ እየሄደ ወሩ ሲያልቅ በሞላ ተፈናጥሮ ወደ 1 እንዲመለስ ነው። እንዲህ የሚሠሩ ሰዓቶች አሉ። ጳጉሜ ላይ ከመንገዱ መሃል ተመለሰ ማለት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

እኔ ደግሞ ጳጉሜ የራሷ መስኮት ይኑራት ባይ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆና ትቆይ፤ ነሐሴ 30 ሲያልፍ ትልቁ ቆጣሪ ይቁም፣ ትንሿ መስኮት 1፣ 2፣ 3 እያለች ትጀምር። በመሥሪያ በኩል የሳቸው ይሻላል፣ ክፍሎቹ ያንሳሉ። ለዓይን ግን የኔን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ተስማምተናል። ቀን የሚቀይር ሰዓት ሁሉ የሚቀይረው የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፣ ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት። በኛ ሰዓት ለሚሞላ ሰው ግን 12 ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። ጋሼ የደንበኛ ሰዓት ሲሞሉ «ቀኑ በጠዋቱ ይቀየር ወይስ በማታው?» ብለው ይጠይቃሉ። ብዙው ሰው በጠዋቱ ነው የሚለው። የኛውም ሰዓት እንደዚያው ይሁን፣ ሲነጋ ቀኑን ይቀይር።

የሚቀረኝ የአራቱ ወንጌላውያን መስኮት የት ትቀመጥ የሚለው ነው። ጨረቃዋ 6 ላይ ካለች 9 ላይ ትሆናለች ብዬ ሥዕሉን ጀምሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ለጋሼ አሳያቸዋለሁ።